ውሃ የቋጠረው ክዳን

ይድረስ ለእናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ይዞሻል? ደረጃ ስትወጪ የሚያማርረውን የግራውን ማለቴ ነው፤ የቀኙስ ድሮም ጨዋ ነው። እንቅልፍሽ ተመለሰ ወይ? መድኃኒትሽን በሰዓቱ ነው የምትውጪው ወይስ አሁንም ትዝ ሲልሽ ብቻ? ባለፈው ስትጽፊልኝ ስለ ራስሽ አንድ መስመር፣ ስለ ጎረቤቶችሽ ሁለት ገጽ ነበር የላክሽልኝ፤ የሚቀጥለውን ገልብጠሽ ጻፊልኝ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ባለቤቴ ስፌቷን ይዛለች። ትልቁ ልጄ ቁመቱ ትከሻዬ ደርሷል፤ ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ መስኮት የተከፈተ ይመስላል። እኔም እንደምታውቂኝ ነኝ፤ ወገቤ ከሥራ፣ አፌ ከነገር አያርፍም።

ይህን ደብዳቤ መነጽርሽን አድርገሽ፣ በር ዘግተሽ፣ ብቻሽን አንብቢው። እህቴ እንድታነብልሽ አትስጫት፤ የሱ ስም ሲነሳ ፊቷ እንዴት እንደሚለዋወጥ ታውቂያለሽ። አንቺ ካነበብሽው በኋላ መንገሩም አለመንገሩም ያንቺ ፈንታ ነው። የታመመ የለም፣ የሞተብን የለም፣ አትደንግጪ። ነገሩ የአባዬ ነው።

ባለፈው ወር አንዲት ወይዘሮ የመታጠቢያ ቤታቸው ወለል ተነቃቅሎባቸው ለጥገና አስጠሩኝ። አድራሻውን በስልክ ሲነግሩኝ መዳፌ ላይ ጫር ጫር አደረግኩት እንጂ ልብ አላልኩትም። በሩ ፊት ስቆም ነው የገባኝ። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ሆኖ፣ አንቺ እጄን ይዘሽ አባዬን ፍለጋ ሦስት ቀን የተመላለስንበት ያ የብረት በር ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ያንን መንገድ ዞሬ ነው የማልፈው። ዕቃዬን እንደያዝኩ ልመለስ ስል ወይዘሮዋ ከፈቱና፣ ግንበኛው አንተ ነህ ወይ አሉኝ። አዎ አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ።

ወይዘሮዋ፣ አባዬ መጨረሻ የሠራላቸው የዚያ ነጋዴ ልጅ ናቸው። አባታቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ቤቱ ለእሳቸው ቀርቷል። ሥራቸው መድኃኒት ቤት ነው፤ ወሬ አይወዱም፤ ቃል ሲሰጡ እንደ ኪኒን እየቆጠሩ ነው። የማን ልጅ እንደሆንኩ አላወቁም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ታሪኩን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው እዚያ ላይ ስለሆነ ግን ታገሺኝና ልድገመው። ነጋዴው አባዬን የቀጠሩት ለሁለት ሥራ ነበር፤ በመጀመሪያ የበረንዳውን ወለል ሊሾ ሊያደርግ፣ ከዚያ ጓሮ ያለውን ውሃው የነጠፈ ጉድጓድ በአርማታ ሊከድን። በረንዳውን ረቡዕ ጨረሰ፤ ለአንቺም ነግሮሻል። ሐሙስ ለጉድጓዱ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ነጋዴው ለአንቺም ለፖሊስም የሰጡት ቃል አንድ ነው፤ ክዳኑን ጨርሶ፣ ዕቃውን ሰብስቦ፣ ደህና ዋሉ ብሎኝ ሄደ የሚል። ፖሊስም ያንኑ ጽፎ፣ በገዛ ፈቃዱ ከቤቱ የተለየ ብሎ መዝገቡን ዘጋ። ሰፈሩ ደግሞ ሴት ጨመረለት፣ ሌላ ከተማ ጨመረለት፣ ልጆች ሳይቀር ወለደለት።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ቀን ስሚንቶ ላቦካ ወደ ጓሮ ዞርኩና ክዳኑን አየሁት። ልብስ አጥበው የደፉት ውሃ መሃሉ ላይ ኩሬ ሠርቶ ቆሟል። ጠርዙ አልተለሰነም፤ የግንበኛ ማንኪያው መስመር ወዲያና ወዲህ ይረግጣል፤ አንዱ ጥግ ላይ ፌሮ ብረቱ ወጥቶ ዝጓል። እማዬ፣ የሥራውን ጅማሬ የተማርኩት ከአባዬ እጅ ነው፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይዞኝ ይወጣ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ወለል ይሁን ክዳን፣ ወደ አንድ ወገን ዘመም ሳያደርግ ለቅቆ አያውቅም። የስሚንቶው ፊት ጠበቅ ሲል ከላይኛው ጠርዝ አንድ ጣሳ ውሃ ያፈስና፣ ውሃው ተንሸራትቶ እስኪያልቅ ቆሞ ያያል። ያንን ሳያይ ማንኪያውን አያጥብም፤ ማንኪያውን ሳያጥብ ዕቃውን አይሰበስብም። የዚያን ውሃ መሄድ አብሬው ስጠብቅ ስንት ምሳ በርዶብኛል።

ያንን ክዳን የሠራው አባዬ አይደለም። ሌላ ሰው ነው፣ ያውም ግንበኛ ያልሆነ ሰው። ስለዚህ ጨርሶ ሄደ የሚለው ቃል ትክክል አይደለም ማለት ነው።

ለወይዘሮዋ በማግስቱ ነገርኳቸው፤ ያውም በማይሆን ሰዓት፣ ወለላቸውን ግማሽ አድርሼ። የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ምን እንዳየሁ፣ ክዳኑን አንስቼ ከሥር ማየት እንደምፈልግ አንድ በአንድ ዘረገፍኩት። ፊታቸው ሳይለወጥ ሰሙኝና፣ ወለሉን ጨርስ፣ የአባቴን ግቢ ግን አትነካም አሉኝ። ባለቤቴም ይህን ስትሰማ፣ አፍህ አንድ ቀን ያሳስርሃል ብላ ተቆጣችኝ።

ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። መዝገብ ቤት ያሉት ሽማግሌ፣ የመነጽራቸው እጀታ በክር የታሰረ፣ ፋይሉን አቧራውን እያራገፉ አወጡልኝ። አምስት ገጽ ብቻ ነው እማዬ፤ አንዱ ያንቺ ቃል ነው። ዘመም ያላለ ስሚንቶ ማስረጃ አይሆነንም ልጄ አሉኝ። አዲስ ነገር ካልተገኘ የተዘጋ መዝገብ አይከፈትም። ግቢው ግን የግል ነው፤ ባለቤቷ በጽሑፍ ከፈቀዱልህ ክዳኑን ራስህ ማንሳት ትችላለህ፤ አንዳች ነገር ካየህ ግን እጅህን ሰብስበህ እኛን ትጠራለህ አሉኝ። ነገሩ ሁሉ በአንዲት ሴት ፊርማ ላይ ወደቀ።

ማመልከቻውን ሦስት ጊዜ ነው የጻፍኩት። የመጀመሪያውን ባለቤቴ አንብባ ገዳይ የሚለውን ቃል በእርሳስ ሰረዘችው፤ ማን ገደለ አለህ፣ ማንስ ሞተ አለህ አለችኝ። በሁለተኛው ላይ ውሸታም የሚለውን ሰረዘች። ሦስተኛው ላይ የቀረው ልመና ብቻ ሆነ። መድኃኒት ቤት ድረስ ወስጄ ሰጠኋቸው። ቆመው አነበቡት፣ አጥፈው በነጩ ጋዋናቸው ኪስ ከተቱት፣ ቀጣዩን ሰው ጠሩ። አንድ ሳምንት ድምፃቸው ጠፋ። ባለፈው ቅዳሜ ደወሉና፣ ና፣ ያልከውን በዓይኔ አሳየኝ አሉ።

አንድ ባልዲ ውሃ ቀዳሁ። መጀመሪያ በረንዳው ላይ፣ አባዬ በሠራው ላይ አፈሰስኩ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ተረግጦም፣ ውሃው ወደ ቱቦው ሄዶ ሄዶ አለቀ። ከዚያ ጓሮ ገባንና የቀረውን ክዳኑ ላይ ደፋሁት። መሃል ላይ ተሰብስቦ ቆመ። አንድ ቃል አልጨመርኩም፤ እኔ ዝም አልኩ ብልሽ እንደማታምኚኝ አውቃለሁ፣ ግን ዝም አልኩ።

ወይዘሮዋ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። አባትህ በጠፋበት ሳምንት የአባቴ እጅ ተልጦ ነበር አሉ። ሃያ ዓመቴ ነበር፤ እናቴ ቫዝሊን ስትቀባቸው አስታውሳለሁ፤ የጣቶቻቸው መሃል ተሰነጣጥቆ ቆዳው ይነሳ ነበር። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው፣ ምስማር እንኳ መትተው አያውቁም። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም አሉ። እኛ የሙያው ሰዎች እናውቀዋለን እማዬ፤ እርጥብ ስሚንቶ ያልለመደውን እጅ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ለእሳቸው ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ ከዚያ ወዲህ ስንት የቀን ሠራተኛ መድኃኒት ቤታቸው መጥቶ እጁን አሳይቷቸዋል።

አባዬ ወድቆ ይሆን፣ ጉድጓዱ ውስጥ አየር አጥሮት ይሆን፣ ነጋዴው ደንግጠው ይሆን፣ ወይስ ከዚያ የከፋ ይሆን፣ አላውቅም። ምናልባት ከሥር ያለው ደረቅ አፈር ብቻ ነው። ወይዘሮዋም አያውቁም። አባቴን እወዳቸዋለሁ፤ ያገኘኸውን ግን ለእኔ ብለህ አትሸሽግ አሉና ማመልከቻዬን ከኪሳቸው አውጥተው ጉልበታቸው ላይ ፈረሙበት።

ወረቀቱን ግን አልሰጡኝም። እናትህ በሕይወት አሉ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አሉ አልኳቸው። ይህን ያውቃሉ ወይ አሉኝ። አያውቁም አልኩ። እንግዲያው ግቢው የእኔ ነው፣ ፈቅጃለሁ፤ ሰውየው ግን የእሳቸው ናቸው፣ የእሳቸውን ቃል በእጅ ጽሑፋቸው ሳታመጣልኝ አንድ ጠጠር አታነሳም አሉኝ። ተናደድኩ፣ አልደብቅሽም። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ሳማርር፣ ሴትየዋ ካንተ ይልቅ ያስባሉ አለችኝ። እናትህ እስከ ዛሬ ባለትዳር ናቸው፤ አንተ በአንድ ቀን ባል የሞተባቸው ልታደርጋቸው ነው፣ እሳቸውን ግን አልጠየቅካቸውም አለችኝ። ወረቀትና እስክሪብቶ ፈለግኩ።

እማዬ፣ እስካሁን የራሴን ብቻ ነበር የማየው። ልጅ ሆኜ ትቷችሁ ሄደ ሲሉኝ አመንኩ፤ ረገምኩት። ልጄ ሲወለድ የሱን ስም እንዳወጣለት ለምነሽኝ እምቢ አልኩሽ። ያንን ክዳን ካየሁ ወዲህ ልቤ አንድ ነገር ይመኛል፤ ለማንም አልተናገርኩትም፣ ለአንቺ ልናገር። ከዚያ ሥር ቢገኝ ደስ ይለኛል። አባቱ ሞቶ ቢገኝ ደስ የሚለው ልጅ ሆኛለሁ። ትቶኝ ከሄደ አባት፣ ወደ ቤቱ ሊመለስ እየሠራ የቀረ አባት ይሻለኛል። እንዲህ በማሰቤ አፍራለሁ፣ ግን ሐሳቡ አልለቀቀኝም።

አንቺ ደግሞ እንደኔ አይደለሽም። ከሌላ ሴትም ጋር ቢሆን ይኑር፣ ብቻ ይኑር ብለሽ ለጎረቤት ስትነግሪ ልጅ ሆኜ ሰምቼሻለሁ። ጥቁር ልበሺ ሲሉሽ እምቢ ብለሻል። ወደ እህቴ ቤት ስትሄጂ አዲሱን አድራሻ ለሦስት ጎረቤት ሰጥተሽ ነው የሄድሽው፤ ለማን ብለሽ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ክዳኑን ካነሳሁት፣ ከሁለት አንዱን ማወቅሽ አይቀርም፤ ወይ እዚያ የለም፣ ወይ አለ። ባዶ ቢሆንም ጥያቄው ይብስብሻል እንጂ አያልቅልሽም።

ስለዚህ እጠይቅሻለሁ እንጂ አልጫንሽም። ክፈተው ካልሽኝ በገዛ እጅሽ ሁለት መስመር ጻፊልኝ፤ እከፍተዋለሁ፣ የማገኘውንም ሳልጨምር ሳልቀንስ እነግርሻለሁ። ተወው ካልሽኝ ደግሞ እተወዋለሁ፤ አባዬም አንቺ ባስቀመጥሽው ቦታ ይኖራል፣ እኔም ሁለተኛ አላነሳብሽም። አትቸኩዪ። መልስሽ እስኪመጣ ያንን ግቢ አልረግጥም።

ለእህቴ ሰላም በይልኝ፤ ይህን ጉዳይ ባትነግሪያትም እንደናፈቅኳት ንገሪያት። ለሹፌሩ ባሏ፣ መንገዱን ያቅናለት በይልኝ። መንቶቹን ሳሚልኝ፤ የትኛዋን ሁለት ጊዜ እንደሳምሽ ስለሚጠፋብሽ ሁለቱንም ደግመሽ ሳሚያቸው። ፊት ለፊትሽ ላሉት ጡረተኛ አስተማሪ፣ የላኩልኝ መጽሐፍ እንደደረሰኝና ግማሹ እንደገባኝ ንገሪልኝ። ባለቤቴና ልጆቹ እጅ ይነሱሻል።

ወይዘሮዋንም፣ ለእናቴ ልጽፍ ነውና ሰላምታ ላድርስልዎ ወይ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ብዙ አሰቡና፣ አሁን ተው አሉኝ። ከተከፈተ በኋላም ሰላምታዬን የሚቀበሉኝ ከሆነ፣ ራሴ ሄጄ አደርሳለሁ አሉ።

ልጅሽ፣ ግንበኛው
ከቤቴ፣ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ
ማክሰኞ፣ የካቲት 9 ቀን