የአባ ሙቀት ዕረፍትና በግቢያቸው የቆመው መኪና

…የሞተሩ ሙቀት መርፌ ገና ከሰማያዊው መስመር አልወጣም ነበር፤ ኮፈኑ ላይ ያደረው ጤዛ እንኳ አልደረቀም፤ እርሳቸውም ሁለቱን እጆቻቸውን መሪው ላይ አድርገው፣ እሑድ እሑድ እኛ ፊት እንደሚቀመጡት ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ «ትንሽ ይሙቅ» ይሉ ነበር አሉ። አሉ የምንለው እኛ ስላልነበርን ነው። የነበሩት ባለቤታቸው ናቸው።

የፈጣን የቤት መኪና ባለቤቶች ማህበር፣ መሥራች አባሉና ምክትል ሊቀመንበሩ የነበሩት የጥርስ ሐኪም በልብ ሕመም ከዚህ ዓለም መለየታቸውን ለአባላቱ፣ ለወዳጆቹና ጉዳዩ ለሚመለከታቸው ሁሉ ያሳውቃል። ማህበሩ የተሰማው ሐዘን ጥልቅ ነው። ጥልቅ የሚለውን ቃል የጻፍነው እንዲህ ባለ መግለጫ ላይ መጻፍ ስላለበት ይሁን ወይስ በእርግጥ ስለተሰማን፣ ተሰብስበን ተነጋግረንበት መልስ አላገኘንለትም። ቃሉ ግን ሳይሰረዝ እንዲቆይ ተወስኗል።

ሟቹን በስማቸው የሚጠራቸው አልነበረም። አባ ሙቀት ነበር የምንላቸው። ስሙን ያወጣንላቸው ለፌዝ ነው፤ እርሳቸው እንደ ማዕረግ ተቀበሉት።

ስለ ማህበራችን የማያውቁ ሰዎች መኪና በመውደድ የተሰባሰብን ይመስላቸዋል። አይደለም። ያሰባሰበን ንቀት ነው። ናፍጣ የሚነዱትን እንንቃለን። መኪናቸውን በብሩሽ የሚያሳጥቡትን እንንቃለን። ጎማቸው ተበልቶ ሽቦው እስኪታይ የሚነዱትን፣ ያገኙትን ዘይት ገዝተው የሚጨምሩትን፣ «መኪና ያው መሄጃ ነው» የሚሉትን። እነዚህን የመጨረሻዎቹን ከሰው አንቆጥራቸውም። እርስ በርሳችንም ቢሆን ያው ነን። እሑድ ጠዋት ከተዘጋው መጋዘን ፊት ለፊት፣ ባዶው አስፋልት ላይ ኮፈን ከፍተን ስንቆም፣ አንዱ አዲስ ቸርኬ አስገብቶ ከመጣ ሌላው ዞር ዞር ብሎ ያይና «ለሠርግ ልታከራየው ነው እንዴ?» ይለዋል። ሰውየው ይስቃል። በሳምንቱ ቸርኬው ተቀይሮ ይገኛል።

የሟቹ አገልግሎት በአጭሩ እንደሚከተለው ነው።

ማህበሩ በተቋቋመበት ዓመት ጥቁር ሰማያዊ መኪናቸውን ይዘው ተቀላቀሉ። አራት በር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ወተት የመሰለ የቆዳ ወንበር። ከሩቅ ሲያዩት የቤተሰብ መኪና ይመስላል፤ ሞተሩ ሲነሳ ግን የመጋዘኑ መስኮት ይንቀጠቀጣል። በዚህ መመሳሰል እጅግ ይኮሩ ነበር። «የማያውቅ አይወቅ» ነበር ነገራቸው።

በሁለተኛው ዓመት ከክሊኒካቸው ባመጡት የጥርስ መስታወት ከሞተሩ ሥር የዘይት ፍሳሽ መፈለግ ጀመሩ። ይኸው መስታወት ሰኞ ሰኞ ሰው አፍ ውስጥ ይገባ እንደሆነ አባላት እየተሳሳቁ ጠየቋቸው። ገብቶ ቢሆን ኖሮ ሞተሩ ውስጥ እንደማያስገቡት መለሱ። ቀልዳቸው ይሁን እውነታቸው አልለየንም፤ የዚያን ዕለት ግን እርሳቸው ከሳቁብን ይልቅ እኛ የሳቅንባቸው በዛ።

በአራተኛው ዓመት «የማሞቅ አንቀጽ» የምንለውን አርቅቀው አጸደቁ። የሙቀት መርፌው መሃል ሳይደርስ አባል የሆነ ሰው መኪናውን ከቆመበት አያንቀሳቅስም። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ቀስ ብሎ መንዳት በቂ ነው እንደሚል እናውቃለን። መመሪያው የተጻፈው ለተራ ሰው ነው ብለን አለፍነው። አንቀጹን ጥሶ የተገኘ ሰው ለሦስት እሑድ ኮፈኑን ዘግቶ በመካከላችን ይቆማል። የውጭ ሰው ይህን ሲሰማ ቅጣት አይመስለውም። ኮፈኑን ዘግቶ የቆመ፣ ማንም ያላናገረው፣ ሁሉም በእርሱ መኪና በኩል አልፎ ወደ ሌላው የሚሄድበት ሰው ግን ያውቀዋል።

በሰባተኛው ዓመት የኋላ ወንበራቸው ላይ ሰው እንዳይቀመጥ ወሰኑ። ቆዳው እንዳይሸበሸብ ነው። ሴት ልጃቸው ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት በአውቶቡስ ተመላለሰች። ይህ በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ በአርአያነት ተጠቅሶ ተጨብጭቦላቸዋል። ያጨበጨብነው ሁላችንም ነን።

ባለፈው ዓመት የልብ ሐኪማቸው ከባድ ነገር እንዳያነሱ አስጠነቀቃቸው። ይህን የነገሩን ራሳቸው ናቸው፤ እየሳቁ። በዚያው እሑድ አራቱንም ጎማ አውርደው፣ አጥበው፣ መልሰው አስገቡ። እኛ ዙሪያቸውን ቆመን ነበር። ከንፈራቸው መገርጣቱን አይተናል። አላገዝናቸውም፤ የሰው ጎማ መንካት በእኛ ዘንድ ነውር ነው።

የሟች አባል መኪና በምን ሁኔታ እንደተገኘ መጻፍ የማህበሩ ልማድ ስለሆነ፣ የዕረፍታቸውም ነገር ከዚሁ ጋር ይነገራል።

ጠዋት ፊታቸውን ሲታጠቡ ደረታቸውን ያዛቸው። ባለቤታቸው የጂኦግራፊ መምህርት ናቸው፤ ክፍል ሊገቡ ቦርሳቸውን አንግተው ነበር። ቦርሳውን ጥለው ጫማ አጠለቁላቸው፣ ደግፈው ወደ ግቢ አወጧቸው። መንዳት እንደማይችሉ ነግረዋቸው ነበር፤ ሟቹ ግን መሪውን ለሌላ ሰው አልሰጡም። ሞተሩን አስነሱ። ከዚያ ተቀመጡ። ባለቤታቸው ከጎን ሆነው ሂድ አሏቸው። ትንሽ ይሙቅ አሉ። መጀመሪያ ቀልድ መስሏቸው እንደነበር፣ ቀጥሎ መለመን እንደጀመሩ፣ በመጨረሻ መሳደባቸውን ራሳቸው ነግረውናል። ሟቹ ዓይናቸውን ከመርፌው አልነቀሉም።

መርፌው መሃል ደረሰ። እርሳቸው ግን አልነዱም።

ጎረቤት ተጠርቶ፣ ሟቹን ወደ ጎን አሸጋግሮ ነድቶ ሆስፒታል አደረሳቸው። ሐኪሞቹ የመዘገቡት ሞታቸውን ብቻ ነው። መኪናው በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል።

ቤታቸው ለማስተዛዘን ስንሄድ ሳሎኑ ሞልቶ ነበር። ከመጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ መለዋወጫ ዲናሞ ተቀምጧል፤ ከጎኑ የልጃቸው የምረቃ ፎቶ። ያየነው ዲናሞውን ነው። ከአባሎቻችን አንዱ፣ ቱርቦ የምንለው የማተሚያ ቤት ባለቤት፣ ከሊቀመንበራችን ጆሮ ጠጋ ብሎ ሞተሩን ያጠፋው ማን እንደሆነ ጠየቀ። ረጅም መንገድ ተነድቶ ወዲያው ከጠፋ ጥሩ አይደለም። በሹክሹክታ ነበር፤ ግን ክፍሉ ድንገት ጸጥ ያለበት ሰዓት ላይ ዋለ።

«ጎረቤታችን ናቸው ያጠፉት» አሉ መምህርቷ። «እንደ ሰው ነው ያጠፉት። ቁልፉን አዙረው።»

ቱርቦ «ግድ የለም እትዬ» አላቸው። ግድ የለም ያላቸው ይቅርታ ለማድረግ ነው።

ሊቀመንበራችን፣ የቤት ዕቃ ነጋዴው፣ ጉሮሮውን ጠርጎ የደንቡን ነገር አነሳ። የሟች አባል መኪና በማህበሩ ጥበቃ ሥር ይሆናል፤ በየሳምንቱ ይነሳል፣ ይሞቃል፣ ይሸፈናል። እንዲህ ካልተደረገ ይበላሻል። መበላሸት ሲል ድምፁ ተሰበረ፤ በዚያ ቤት ስለ ሰውየው ሲናገር እንዲያ አልሆነም ነበር።

መምህርቷ አልተቆጡም። መኪናውን መውሰድ እንደምንችል ነገሩን። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አንዳችሁ መሪውን ያዙ። እኔ ከጎን እቀመጣለሁ። አስነስታችሁ ሳትጠብቁ፣ በሙሉ ፍጥነት ሆስፒታል ድረስ ንዱልኝ። ይደርስ ነበር ወይስ አይደርስም ነበር፣ እሱን ማወቅ ነው የምፈልገው። ከዚያ ውሰዱት።»

ሊቀመንበራችን እሺ አለ። ለሐዘንተኛ እሺ ነው የሚባለው።

ጉዳዩ ለሥራ አመራር ስብሰባ ቀረበ። የቀዘቀዘ ሞተር በሙሉ ፍጥነት ቢነዳ በውስጡ ምን ምን እንደሚፋቅ በዝርዝር ተነሳ። ስለ ሴትየዋ የተነሳው ነገር አጭር ነበር። ሐዘን ነው፣ ያልፋል፣ ተባለ። የሟቹ ነገርም ትንሽ ተነካ፤ አንድ አባል፣ እንዲያው ለነገሩ፣ እኛ ብንሆንስ ኖሮ አለ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሞተር አስነስተን ስንጠብቅ እጃችን ሳናስበው ወደ ደረታችን ይሄዳል፤ ይህን እርስ በርስ አልተነጋገርንም፤ ግን ከመስታወቱ በኩል ተያይተናል።

በመጨረሻ ቱርቦ መፍትሔ አመጣ። ሴትየዋ ሳይወጡ ቀደም ብለን ሄደን፣ ዘይት ልናይ ነው ብለን ቁልፉን ተቀብለን፣ እናሙቀውና ከዚያ እንንዳ። እርሳቸው ምን ያውቃሉ? ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ አለፈ። እንዲህ ያለ ሐሳብ በሙሉ ድምፅ የሚያልፍበትን ማህበር ምን ማለት እንደሚቻል አንባቢ ይፍረድ፤ እኛ ፈርደናል፤ አባልነታችንን ግን አልለቀቅንም።

ማህበሩ ለውድ ባለቤታቸው፣ ለሴት ልጃቸው፣ ለክሊኒካቸው ባልደረቦችና አፋቸውን ከፍተው ላመኗቸው ታካሚዎች ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። መግለጫው እዚህ ላይ ማብቃት ነበረበት። የመኪናው ጉዳይ ግን ያለቀው ከዚያ በኋላ ስለሆነ አባላት እንዲያውቁት ተጨምሯል።

እሑድ ቀደም ብለን ሄድን። የግቢው በር ክፍት ነበር። መምህርቷ ከቤቱ ደረጃ ላይ ቁልፉን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ለክፍል እንደሚለብሱት ለብሰዋል። ከእኛ በፊት የደረሱ ይመስሉ ነበር፣ በገዛ ቤታቸው። መኪናው ከመሃል ቆሟል። አቧራ ለብሷል። አቧራውን ስናይ ከመካከላችን አንዱ አቃሰተ።

ሊቀመንበራችን እግዚአብሔር ያጽናዎት ብሎ፣ ከመነሳታችን በፊት ዘይቱን አየት ለማድረግ ቁልፉን ቢሰጡን አለ።

«ዘይቱ ደህና ነው» አሉ። «ማን ነው የሚነዳው?»

መምህርቷ ተነስተው ሄደው የሾፌሩን በር ከፈቱልን። ወንበሩ አሁንም በሟቹ ልክ ወደ ኋላ እንደተገፋ ነው። ቱርቦ ወደ ሊቀመንበሩ አየ፤ ሊቀመንበሩ ጫማውን አየ። ወደፊት የሄደ ሰው የለም። ከዚያ ቱርቦ፣ ድምፁን አለስልሶ፣ ሐዘናቸው የእኛም ሐዘን መሆኑን፣ ግን የቀዘቀዘ ሞተር እንዲህ ሲደረግ…

«ተወው» አሉት። «እኔ መኪናውን የሚወድ ይመስለኝ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ በመኪና ስቀና ኖርኩ። ለካ እናንተን ፈርቶ ነው። ግቢው ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም እኮ። እዚያም ሆኖ እናንተን ፈርቶ ነው።»

ከጎረቤት ቤት ሬዲዮ ይሰማል። አንዳችን መኪናው መቼም በእንዲህ ያለ ሁኔታ ሊቆም እንደማይገባው፣ ቢያንስ መሸፈኛ ልናለብሰው እንደምንችል መናገር ጀመረ፤ አልጨረሰውም።

መምህርቷ የሾፌሩን በር እንደተከፈተ ትተው፣ ቁልፉን ከነ ማንጠልጠያው የመኪናው ጣሪያ ላይ አኖሩት። ዝም ብለው አላስቀመጡትም፤ ጎተት አድርገው ነው ያኖሩት። ብረቱ ቀለሙን ሲጭረው ሰማን። ያን ጊዜ ሁላችንም፣ አንድም ሳይቀር፣ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄድን።

አዩን። ደረጃውን ወጡ። የቤቱ በር ተዘጋ።