ያልታመመው ጥርሴ ተነቀለ

ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሻል? ስኳርሽስ እንዴት ነው፣ ወረደልሽ ወይስ አሁንም ንቅንቅ አልል ብሏል? የእማዬ ጉልበት ተሻለው? ባለቤትሽንስ ያ ሳል ለቀቀው? ቀበጧ ልጅሽ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? እኔ አካሌ ደህና ነው፤ ናፍቆታችሁ ግን አላስቀምጥ አላስተኛ ብሎኛል። ደህና ነኝ ማለቴን እንኳ ለጊዜው ያዢልኝ፤ ከታች የምነግርሽን ስታነቢ ራስሽ ትፈርጃለሽ።

በስልክ መናገር እየተቻለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪኝ ይሆናል። ምን ላድርግ! ባለፈው ስደውልልሽ ገና ጥርስ ከማለቴ ደግሞ ጀመረሽ ብለሽ ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው። ደብዳቤ አይዘጋም። ብትጥዪውም እማዬ አንስታ ለሰው ታስነብበዋለች። የሚያደርስልሽ የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ነው፤ ከቅዳሜ በፊት እጅሽ እንዲያስገባ አደራ ብዬዋለሁ። ቅዳሜ ሰዓት ጠጋኙ ጎረቤታችን ያንን የሚወዛወዝ የፊት ጥርስሽን በፒንሳው ሊነቅልልሽ ተቀጣጥራችኋል አይደል? በእማዬ ሞት ይዤሻለሁ፣ ይህን ደብዳቤ አንብበሽ ሳትጨርሺ ሰውዬው ዘንድ እንዳትሄጂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሠራበት ስፌት ቤት በየዓመቱ የጥርስ ሐኪም እያስመጣ ሠራተኛውን ያስመረምራል። የጨርቅ ማከማቻውን ጠራርገው አንድ የሚተኛ ወንበርና መብራት ያስገቡና በየተራ ይጠሩናል። እኔ ተራዬ ሲደርስ ለታመመ ሰው ይሁን እያልኩ አልፈው ነበር። ዘንድሮ ግን አለቃችን ያልታየ ሰው ማሽን ላይ አይቀመጥም ብላ ቁርጡን ነገረችን።

እኔማ እየሳቅኩ ነው የገባሁት። የእኛን ቤት ጥርስ ታውቂው የለ? ሰርግ በሄድን ቁጥር እነዚህ ልጆች ከሳቁ መብራት ምን ያደርጋል የሚባልልን! ቀዳዳ የለ፣ ጥቁረት የለ፣ ሕመም የለ። ከጎኔ ባለው ማሽን የምትሰፋ አንዲት ልጅ አለች፤ ወይዘሮ ብሩሽ ነው የምንላት። ጥርሷ አንዱ ባንዱ ላይ የወጣ፣ ቢጫ ቢጤ ነው። እሷ ግን ምሳዋን በበላች ቁጥር ከቦርሳዋ ብሩሽ አውጥታ መታጠቢያ ቤት ትገባለች፤ አንዳንዴም ቀጭን ክር በጥርሶቿ መሃል ስታመላልስ እናያታለን። ለዚህ ጥርስ ይሄ ሁሉ መሽሞንሞን ስንላት ዝም ብላ ትስቃለች።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ ድምጿም ለስላሳ ነው። አፌን ከፈትኩ። መስታወቷን አስገብታ ትንሽ ዞር ዞር አደረገችና፣ ክር በጥርስሽ ነው የምትበጥሺው አይደል አለችኝ። ክው አልኩ! እማዬ ትሙት፣ ሰው የነገረባት መስሎኝ ነበር። ለካ የፊት ጥርሴ ጫፍ ላይ ያለችውን ሽራፊ አይታ ነው። እማዬ ስፌት ስታስተምረን መቀስ ስትፈልጉ ሥራው ይቀዘቅዛል እያለች በጥርስ መበጠስ አስለመደችን እኮ፤ ያንቺም እዚያው ቦታ ላይ ነው የተሸረፈው። የባለሙያ ምልክት ነው ብለን ስንኮራበት ጥርሳችንን ስንሞርደው ኖረናል።

ይሄ እንኳ ምንም አይደል። ቀጥላ ቀጭን መሣሪያ በድዴና በጥርሴ መሃል ሰደድ እያደረገች ትለካ ጀመር። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። ደሙ አፌን ሞላው። ሁልጊዜ ይደማል ወይ አለችኝ፤ አንዳንዴ ስቦርሽ አልኳት። ሲደማ ምን ታደርጊያለሽ አለችኝ። እኔም እንደ ጎበዝ ተማሪ ኮራ ብዬ፣ እስኪሽር ድረስ ብሩሽ አላስነካውም፣ በጨው ውሃ ብቻ እጉመጠመጣለሁ አልኳት። መሣሪያዋን ቁጭ አደረገችና ማን ነው እንዲህ አድርጊ ያለሽ አለችኝ። ማን ልበላት! ቤታችን ነዋ። አንቺም፣ እኔም፣ እማዬም ስናደርገው የኖርነው ይኼንኑ አይደል?

ነገሩን በተኛሁበት አስረዳችኝ። ድድ የሚደማው ብሩሽ ስለነካው ሳይሆን በጥርሱ ሥር ቆሻሻ ስለተጠራቀመበት ነው አለችኝ። ያንን ቆሻሻ በለስላሳ ብሩሽ ቀስ ብሎ ማስለቀቅ ሲገባ፣ እኛ እንዳይቆስል ብለን በተውነው ቁጥር እየጠነከረ እንደ ድንጋይ ይጣበቃል፤ ድዱ እየሸሸ፣ ጥርሱን የያዘው አጥንትም እየተበላ ይሄዳል። ታዲያ ለምን አላመመኝም ብዬ ጮህኩባት ማለት ይቻላል። ብዙ ጊዜ አያምም፣ ለዚህ እኮ ነው ሳያምም መታየት ያለበት አለችኝ። ሳያምም ሐኪም ቤት! ከእኛ ቤት ሰው ይሄን ማን ሰምቶት ያውቃል?

ወይዘሮ ብሩሽ ከእኔ ቀጥላ ገባች፤ ወንበሩ ሳይሞቅላት ወጣች። ምን አለችሽ ብላት ደህና ነው፣ ከስድስት ወር በኋላ ተመለሺ አለችኝ ብላ ማሽኗን አስነሳች። ያ ጠማማ ጥርስ! እኔ በውብ ጥርሴ ራጅ ታዞልኝ፣ እሷ በዚያ ጥርሷ ነጻ ወጣች። የያዝኩትን ኮሌታ እንኳ ገልብጬ ሰፋሁት።

በማግስቱ ክሊኒኳ ሄጄ ራጅ ተነሳሁ። ከኋላ ያለው አንዱ መንጋጋዬ አጥንት የሚባል አልቀረለትም፤ በድድ ብቻ ተንጠልጥሎ ነበር። መነቀል አለበት ተባልኩ። አንድም ቀን እህ ያላስባለኝ ጥርስ! በማደንዘዣ አደንዝዛ ስትይዘው ወዲያው ወጣ፤ መታገል እንኳ አላስፈለጋትም። በትንሿ የብረት ሳህን ላይ ሳየው፣ እታለም፣ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ነጭ ነው፣ አንዲት ቀዳዳ የለበትም። አገላብጬ አገላብጬ አየሁት። ምን እደብቅሻለሁ፣ እዚያው ወንበሩ ላይ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት።

ያኔ እማዬ ትዝ አለችኝ። ጥርሶቿ አንድ በአንድ ሲያልቁ፣ ወልጄያችሁ ነው፣ አንዱን አንቺ ወሰድሽው፣ አንዱን እህትሽ እያለች ታስቀን አልነበር? የእሷም ጥርሶች እኮ ቀዳዳ አልነበረባቸውም! ምንም አልወሰድንባትም። ምናልባት ሐኪም ቢያያቸው ኖሮ ይተርፉ ነበር።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። ሐኪሟ ከቤተሰብሽ ስኳር ያለበት ሰው አለ ወይ አለችኝ። የጥርስ ሐኪም ስለ ስኳር ምን አገባት እያልኩ በሆዴ፣ እህቴ አለባት አልኳት። ድዷስ አለችኝ። ይደማል፣ አንድ የፊት ጥርሷም ይወዛወዛል ብላት ትክ ብላ አየችኝ። ስኳር ድድን ይጎዳል፣ የታመመ ድድም በተራው ስኳሩ እንዳይወርድ ሊያደርግ ይችላል አለችኝ። ኧረ የጉድ አገር! ጣፋጩን እርም ብለሽ፣ ምግብሽን መጥነሽ፣ ክኒንሽን ሳታዛንፊ እየዋጥሽ፣ ለምን አልወርድ አለኝ እያልሽ ስትብሰለሰዪ የምትውዪው እኮ አንዱ ምክንያት አፍሽ ውስጥ ሊሆን ይችላል! እርግጠኛ ነኝ አላለችም፤ ትታይ ነው ያለችው።

ስለ ሰዓት ጠጋኙ ስነግራትማ ከወንበሯ ብድግ አለች። ስኳሯ ያልወረደ ሰው በፒንሳ? ቁስሉ ቢያመረቅዝስ? ደሙ አልቆም ቢልስ? ደግሞስ የሚወዛወዝ ጥርስ ሁሉ ይነቀላል ያለው ማን ነው አለችኝ። ቶሎ ከተጸዳ የሚተርፍም አለ። የእኔም ሁለት የታች ጥርሶች ለካ ሳላውቀው ይወዛወዙ ነበር፤ ያንን የጠጠረ ቆሻሻ ፍቃ ካነሳችልኝ ወዲህ ጠንከር ብለዋል። ሰውዬው ደግ እንደሆነ፣ እጁም ቀና እንደሆነ አውቃለሁ። ሰዓት ይጠግን! ሞኙን ይፈልግ፣ ያንቺን ጥርስ ግን አይነካም።

ለስኳርሽ በምትሄጂበት ሆስፒታል፣ ከመድኃኒት ማደያው ጎን የጥርስ ክፍል አለ። ራስሽ ነሽ የነገርሽኝ፤ ጥላ ነው ብለሽ ተራሽን የምትጠብቂው እዚያ በሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ነው። ስንት ዘመን ጀርባሽን ሰጥተሽው ተቀምጠሻል! አሁን ዞር በይና ግቢ። ስኳር እንዳለብሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። እስከዚያው ጠዋትና ማታ በለስላሳ ብሩሽ፣ የሚደማውን ቦታ ሳታልፊ፣ ቀስ ብለሽ ቦርሺ። ክሩንም በመቀስ ቁረጪ፤ እኔ መቀሴን በአንገቴ አንጠልጥዬ ነው የምሠራው። አንድ ጊዜ ሐኪም አየችና ራሷ ሐኪም ሆና አረፈችው እንደምትዪ አውቃለሁ። በይ፣ እንደ ልብሽ ስደቢኝ፤ ብቻ ሂጂልኝ።

እማዬን ጉልበቷን ስሜያለሁ በያት። ጥርስ ባይኖራትም ድድ አላትና አብራሽ ገብታ ትታይ፤ እምቢ ካለች የታናሿ ልጅሽ ትእዛዝ ነው በያት። ባለቤትሽን በጣም አድርገሽ ሰላም በይልኝ፤ ቅዳሜ በሩን ይዞ እንዳያስወጣሽ አደራ ብላሃለች በዪው።

ከልጅሽ ጋር ግን ትናንት በስልክ ተገናኝተናል። አንቺ ሱቅ ወርደሽ ስልኩን ያነሳችው እሷ ናት። ስለ ተነቀለው ጥርሴ ስነግራት፣ አክስቴ፣ የኔም እኮ ይደማል አለችኝ። ኮራ ብላ ነው የነገረችኝ። ግን አልነካውም፣ እማ እስኪሽር ተይው ብላኛለች አለችኝ። እንደ ምንም ብዬ፣ የኔ ቆንጆ፣ ቀስ አድርገሽ ቦርሺው፣ ሐኪምም ታይልሻለች አልኳት። አሰበች አሰበችና፣ እሺ፣ ግን መጀመሪያ እማ ስትቦርሽ ልያት አለችኝ።

እየጠበቀችሽ ነው።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ

ከስፌት ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
መጋቢት 9 ቀን