ሳይመርቁኝ ተመረቅሽ አሉኝ

ልጄ ኢየሩሳሌም፣ የደብራችን ማርያም በሰው አገር ትጠብቅሽ። እህትሽ ዮርዳኖስ ደህና ናት፤ ገብሱም እሸት ይዟል።

ሰሞኑን አንድ ገምጋሚ መጥቶ፣ ዮርዳኖስ ከትምህርት እስካልቀረች ድረስ የሚሰጠንን ድጋፍ መረመረ። አንድም ቀን አልቀረችም። እሱ ግን መኪና ተደግፈሽ የተነሳሽውን ፎቶ ግድግዳው ላይ አይቶ፣ «እንኳን ደስ አለሽ፣ ከድጋፉ ተመርቀሻል፤ ከእንግዲህ አይሰጥሽም» አለኝ።

«እኔ የማውቀው ምርቃት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም» አልኩት። አቤቱታዬን ራሴ ጽፌ ንፋስ መውጫ ከተማ ወርጄ ቢሮአቸው አስገባሁ፤ አንቺን አዝዬ አሥራ ሁለተኛን የጨረስኩት ለዚህ ነው።

መኪናው የአሠሪሽ መሆኑን አስረጂ ብለውኛል። እባክሽ መጥረጊያሽን እንደያዝሽ ፎቶ ተነስተሽ ላኪልኝ። አታፍሪበት፤ እሱንም ከመኪናው ጎን እሰቅለዋለሁ።

የማይቀንሰው ምርቃቴ ይድረስሽ፤ ነገ የምትደገፊው የራስሽ ቤት ይሁን።

እናትሽ ንግስት