ትራክተራችንና የቀበሌው በር

አሰላ፣ ጥር 18 ቀን 1974 ዓ.ም.

በመላው አርሲ ያለ እኔ ቴአትር አይታይም። እሺ፣ መላው አርሲ በዛ፤ ያለ እኔ ግን ትራክተሩ አይንቀሳቀስም። ከጣውላ የሠራነው ትራክተር ሆድ ውስጥ ገብቼ፣ በመጨረሻው ዘፈን ላይ ወደ መድረክ የምገፋው እኔ ነኝ። መሠረተ ትምህርት እንደጨረስኩ ኋላው ላይ «ምርት ለሁሉም» ብዬ በቀለም የጻፍኩትም እኔው ነኝ።

ሦስት ሳምንት ያሳየንበትን የማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ዛሬ ለስብሰባ ወሰዱብን። ከነገ ጀምሮ ሙዚቃዊ ድራማችን የሚታየው በቀበሌው ጠባብ አዳራሽ ነው። አዘጋጃችን ጋሽ ወርቁ መጋዝ ይዘው መጡ።

«ኋላው ሰፊ ነው፤ በቀበሌው በር አይገባም። ከኋላው ይቆረጥ» አሉ።

ኋላው ማለት እኔ የምቆምበት ነው። ጽሑፌም እዚያው ነው።

«ኧረ ይገባል ጋሽ ወርቁ! በሩን ጠዋት በክንዴ ለክቼዋለሁ። አራት ክንድ ነው፤ ትራክተሩ ሦስት ተኩል።»

ዘፋኟ ዘይነባ ሳቀች። «አቦ፣ አንተን ቢቆርጡህስ ማን ያውቃል? ፊትህን ያየ ተመልካች የለ!»

«ላቤ ግን ፊተኛው ወንበር ድረስ ይሸታል» አልኳት።

ሁሉም ሳቁ። ጋሽ ወርቁም መጋዙን አስቀመጡ። «እንግዲህ አንተን አምኜ ነው። ነገ ሕዝብ ፊት እንዳታዋርደኝ።»

ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አቅቶኛል። ሁለት ጊዜ ወደ ቀበሌው ሄድኩ፤ ግቢው ተቆልፏል። ለደብተሬ እንኳ እውነቱን ልንገረው፦ በሩን አልለካሁም። ጠዋት ሳልፍ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁትና ሰፊ መሰለኝ። አራት ክንዱን ያመጣሁት ከራሴ ነው።