እርሳሱን የሚለየው መድኃኒት

ፈረንሳይ ለምትገኘው ታላቅ ወንድሜ ለዛይድ፤

የአላህ ሰላም ካንተ፣ ከሚስትህና ከልጆችህ አይለይ። እኔና እናታችን ለእሱ ምስጋና ይሁንና አለን።

ማዕድን ማጣሪያው ውስጥ ሥራ ደህና ነው። አዲስ የማጣሪያ መድኃኒት መጥቶልናል። ተፈጭቶ ገንዳ የገባውን እርሳስና ዚንክ በዓይን አትለያቸውም፤ መድኃኒቱ ግን እርሳሱን መርጦ ይይዝና ከአረፋው ጋር ያወጣዋል። ዝቃጩ ከእርሻችን በላይ ወዳለው ኩሬ ይሄዳል። የመድኃኒቱ ክፋት ሽታው ነው፤ የበሰበሰ ጎመን ይሸታል።

ለዒድ ፈቃድ ወጥቼ ቤት ሰነበትኩ። ገላዬን ታጥቤ፣ አዲስ ጀላቢያ ለብሼ ሻይ ስጠጣ ያው ሽታ መጣ። "እማዬ፣ ሻዩን ምን ነካው?" ብላት ሳቀችብኝ።

"አንተ የፋብሪካ ሙሽራ! ራስህ እየገማህ በሻዬ ታሳብባለህ?"

ጀላቢያውን አውልቄ ደጅ ሰቀልኩና ሌላ ብርጭቆ ቀዳሁ፤ ሽታው ግን ያው ነው። ከዚያ ወዲህ የመጠጥ ውሃ ከከተማ በአህያ አስመጣለሁ። እሷ ግን "የአባትህ የውሃ ጉድጓድ እያለ!" ብላ አትቀምሰውም። ለአለቃዬ የጉድጓዱን ሽታ ብነግረው "አፍንጫህን ተመርመር" አለኝ። በጎቹ ዘንድሮ አልሆነላቸውም፤ ሁለቱ ጨነገፉ።

ልጆቹን ለእረፍት አመጣለሁ ብለህ ነበር። ሙቀቱ ብርቱ ነውና ይቅሩ። ይልቅ እናታችንን ወደ አንተ የምትወስድበትን ጉዳይ ዛሬውኑ ጀምር። ለምን ብላ ከጠየቀችህ ናፍቀሽኝ ነው በላት።

ሰላምታዬ ለቤተሰብህ ሁሉ ይድረስ።

ወንድምህ ባሱ