ሰማዩ ሳይሆን ፓምፑ ነው ያሉት የእታለም ሕይወት

እታለም ከልብስ ሰፊዋ እናታቸውና ከሚዛን ተቆጣጣሪው አባታቸው፣ ከዱቄት ፋብሪካው ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ ኅዳር 12 ቀን ተወለዱ። የመዝገብ ስማቸው በዚህ የቀብር ፕሮግራም ሽፋን ላይ ሰፍሯል። የአራት ልጆች በኩር በመሆናቸው እኛ ታናናሾቻቸው እታለም ስንላቸው ኖረናል፤ ጎረቤቱም፣ በኋላም የሥራ ባልደረቦቻቸው ይህንኑ ስም ወረሱ።

አባታቸው የናስ መመዘኛዎች የተደረደሩበትን የእንጨት ሣጥን ተሸክመው ከሱቅ ሱቅ እየዞሩ የነጋዴውን ሚዛን ይፈትሹ ነበር። እታለም በዘጠኝ ዓመታቸው ከመመዘኛዎቹ አንዷ በአገልግሎት ብዛት ተበልታ እንደቀለለች ደረሱባት። አባታችን በማግሥቱ በዚያች መመዘኛ የፈተሿቸው ሱቆች ሁሉ ዘንድ ሄደው ይቅርታ ጠየቁ። ማታ ለእናታችን «ይህች ልጅ አሳፈረችኝ፣ ደግ አደረገች» ሲሉ ሁላችንም ሰምተናል።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በአንደኝነት አጠናቀው ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በፊዚክስ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ከያዙ በኋላ፣ በሃያ ስድስት ዓመታቸው፣ በፊዚክስ ተቋሙ ምድር ቤት ባለው የስበት ሞገድ ቤተ ሙከራ በተመራማሪነት ተቀጠሩ።

የስበት ሞገድ ምን እንደሆነ እታለም ራሳቸው ለእናታችን ባስረዱበት መንገድ እንንገር። ሁለት እጅግ ከባድ ኮከቦች እየተሽከረከሩ ሲጋጩ ጠፈሩ ራሱ ድንጋይ እንደተጣለበት ኩሬ ይናወጣል። ሞገዱ ያለፈበትን ነገር ሁሉ ባንድ በኩል ይለጥጣል፣ በሌላው ያሳጥራል። እኛ ዘንድ እስኪደርስ ግን ደክሞ ደክሞ፣ መለጠጡ ከአንዲት አቶም እምብርት ያንሳል። እናታችን ሰምተው ሲያበቁ «ታዲያ ይህን ማን ያየዋል?» አሉ። እታለምም «ዝም ብሎ የሚያዳምጥ» አሏቸው።

በዚያ ምድር ቤት አንድ መኪና የሚያህል ክብደት ያለው ድፍን የአሉሚኒየም ዘንግ በሽቦ ተንጠልጥሎ ነበር። ሞገድ ሲያልፍ ዘንጉ ይነዝራል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። እታለም ሠላሳ አንድ ዓመት በሞላቸው ዓመት የቤተ ሙከራው ኃላፊ በስድስት ወር ሁለት መቶ አሥር ሞገድ መስማቱን ለጋዜጠኞች አወጀ። ይህ ጽሑፍ ኃላፊውን አንቱ የማይለው ተሳስቶ አይደለም።

እታለም ቀኖቹን በግድግዳ መቁጠሪያ ላይ አንድ በአንድ ምልክት አደረጉባቸው። ከሁለት መቶ አሥሩ ሁለት መቶ አራቱ በሥራ ቀን የዋሉ ሆነው አገኟቸው። በሰኞ ስብሰባ ላይ እጃቸውን አውጥተው «ጌታዬ፣ ኮከቦች ቅዳሜና እሁድ ያርፋሉ እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ኃላፊው አልሳቀም።

ከስብሰባው ወጥተው ወደ ሕንፃው የውሃ ጥገና ሠራተኛ ዘንድ ሄዱ። እሱም «ተማሪው ሲበዛ ጣሪያ ላይ ያለው ታንከር ይጎድላል፣ ፓምፑም ይነሳል። ሲነሳ መሬቱ እግሬ ሥር ይሰማኛል» አላቸው። ለሦስት ሳምንት ፓምፑ የተነሳባትን እያንዳንዷን ደቂቃ በደብተር መዘገበላቸው። በእነዚያ ሳምንታት ኃላፊው ሰማሁ ያላቸው ሃያ ስድስት ሞገዶች፣ ሃያ ስድስቱም፣ ፓምፑ በተነሳባት ደቂቃ ላይ ወደቁ። ከዚያ ሠራተኛው ፓምፑን ለሦስት ቀን አጠፋው። ሰማዩም ሦስት ቀን ጸጥ አለ።

ደብተሩን ይዘው ስብሰባ ላይ ሲቀርቡ ኃላፊው በሰው ሁሉ ፊት «ከቧንቧ ሠራተኛ ጋር ተማክረሽ ነው ሳይንስ የምታስተምሪን?» አላቸው።

«እሱ ፓምፑን ያውቀዋል» አሉ እታለም፤ «እርስዎ አያውቁትም።»

በማግሥቱ የቤተ ሙከራውን ቁልፍ ተቀሙ። ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሽቦና አምፖል እያወጡ እንዲሰጡ መስኮት ወደሌለው ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወሩ። የጥገና ሠራተኛው «ያለ ፈቃድ ፓምፕ አቁሟል» ተብሎ ተባረረ። እዚያ ስብሰባ ላይ አሥራ አራት ምሁራን ነበሩ። ደብተሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሁሉም አይተውታል። አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም። አውቆ የተኛን ማን ይቀሰቅሰዋል? ይልቁንም እታለምን «ፓምፒት» የሚል ስም አወጡላቸው፤ በኮሪደር ሲያልፉም በአፋቸው የሞተር ድምፅ ያሰሙባቸው ነበር። ይህ አሥራ አንድ ዓመት ቆየ። ስህተቱን ጋዜጣው አላረመም፣ ተቋሙም አላረመም። ኃላፊው በዚያው ሞገድ ፕሮፌሰር ተባለ።

እታለም በሠላሳ ሦስት ዓመታቸው ያንኑ የጥገና ሠራተኛ፣ እኛ በፍቅር አንተ የምንለውን፣ አገቡ። አንዳንድ ዘመድ «ተምራ ተምራ ለቧንቧ ሠራተኛ!» ሲል «ተምሬ ነው የመረጥኩት» ብለው አፉን አስያዙት። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። ባለቤታቸው የራሱን የቧንቧ ሱቅ ከፍቶ ቤቱን አቆመ።

እሳቸው በግምጃ ቤቱ ውስጥ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ከተጣለ ዕቃ የነውጥ መለኪያ ሠርተው፣ አንድን ትክክለኛ መሣሪያ ሊያሳስት የሚችለውን ነገር ሁሉ መመዝገብ ጀመሩ። ሊፍት ሲወርድ፣ የጭነት መኪና ፍሬን ሲይዝ፣ በር በነፋስ ሲዘጋ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲ ስታሳርፍ መለኪያው ምን ዓይነት መስመር እንደሚስል መዘገቡ። ሠላሳ አንድ ደብተር ሞላ።

አንዲት መሐንዲስ ዕቃ ልትዋስ ወደ ግምጃ ቤቱ መጥታ ደብተሮቹን አየች። የመጣችበትን ጉዳይ ረስታ እስኪመሽ አነበበች። እሷ በምትመራው አዲስ ጣቢያ የብርሃን ጨረር ለሁለት ተከፍሎ ሦስት ሦስት ኪሎ ሜትር በሚረዝሙ ሁለት ቱቦዎች ይላካል፤ ደርሶ ሲመለስ ይገናኛል። ሞገድ ካለፈ አንዱ ቱቦ በኢምንት ይረዝማል፣ ሌላው ያጥራል፣ የሁለቱ ብርሃን መገጣጠምም ይዛነፋል። እታለም በአርባ ሁለት ዓመታቸው ወደዚያ ተዛወሩ። ሐሰተኛውን ምልክት ከእውነተኛው የሚለየውን ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት መሩ።

በስልሳ አንድ ዓመታቸው፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሞገዱ መጣ። እሱም ከቢሊዮን ዓመት በፊት ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች፣ ብርሃን እንኳ የማያመልጣቸው የሞቱ ኮከቦች፣ ሲዋሐዱ የተነሳው ነበር። የእታለም ጣቢያ መዘገበው፤ እጅግ ሩቅ ያለው ሌላ ጣቢያም ከሰኮንድ መቶኛ ባነሰ ልዩነት ያንኑ መስመር ሣለ። ሁሉም እየተቃቀፉ ሲያለቅሱ እሳቸው ደብተራቸውን ገለጡ። ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ መኪናውን፣ ነፋሱን፣ ሊፍቱን፣ ፓምፑን ሁሉ አንድ በአንድ ፈተሹ። የጣቢያው የመረጃ ክፍል ኃላፊ ትዕግሥቱ አልቆ «ዓለም እየጠበቀን ነው!» ቢላቸው «ቢሊዮን ዓመት ተጉዞ የመጣ እንግዳ ሃያ ሦስት ቀን ደጅ ቢቆም አይቀየምም» አሉት። በሃያ አራተኛው ቀን «ይህ የምድር አይደለም» ብለው ፈረሙ።

ግኝቱ በይፋ በተበሰረበት ዕለት የቀድሞው ኃላፊ ከፊት ረድፍ ተቀምጦ «የመጀመሪያው አድማጭ» የሚል ሜዳሊያ ተሸለመ። እታለም ከምሰሶ ጀርባ ነበሩ። በታተመው ጽሑፍ ላይ የእሳቸው ድርሻ «ለቴክኒክ ሠራተኞች ምስጋና» በሚል ሐረግ ተጠቃለለ። ባለቤታቸው ሊነሳ ሲል እጅጌውን ይዘው አስቀመጡት፤ ቤት ገብተው ግን አለቀሱ። እኛ ወንድምና እህቶቻቸው ሲያለቅሱ ያየነው ያን ቀን ብቻ ነው።

ዝናቸው በኋላ የመጣው መሐንዲሷ ደብተሮቹን በመጽሐፍ ስላሳተመቻቸው ነው። በየአህጉሩ ያሉ ጣቢያዎች ዛሬ በእሳቸው መዝገብ ይሠራሉ። ክብር ዶክትሬትና ሽልማት ጎረፈ። ሲስቅባቸው የነበረው ተቋምም ፎቶግራፋቸውን መግቢያው ላይ ሰቀለ። እሳቸው ፎቶ አልጠየቁም። የጠየቁት ሁለት ነገር ነበር፦ ሁለት መቶ አሥሩ ሞገድ ሐሰት እንደነበር ተቋሙ በጽሑፍ እንዲያርም፣ ባለቤታቸው ያለ ጥፋቱ መባረሩንም እንዲያምን። ዘጠኝ ደብዳቤ ጻፉ። ለዘጠነኛው መልስ መጣ፦ «ጉዳዩ በጥናት ላይ ይገኛል።»

እታለም ባደረባቸው የልብ ሕመም ለሁለት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው፣ በሰባ አራት ዓመታቸው፣ ሰኞ ግንቦት 4 ቀን ረፋድ ላይ፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው እጃቸውን እንደያዙ ዐረፉ።

በማግሥቱ ከተቋሙ ተልከው የመጡ ሁለት ሰዎች የተዘጋጀ የሕይወት ታሪክ አመጡልን። አሥራ አንዱ ዓመት አልነበረበትም። ምክንያቱን ብንጠይቅ «በቀብር ላይ ቂም አይነሳም» አሉን። ረቡዕ ደግሞ የቀድሞው ኃላፊ ራሱ በከዘራ ተደግፎ መጣ። ከባለቤታቸው ጎን ተቀመጠና «ፓምፕ እንደነበር ያኔም አውቄዋለሁ» አለ። ባለቤታቸው ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ ዘረጋለትና «ለእኔ አይንገሩኝ፤ ይጻፉት» አለው። ኃላፊው እስክሪብቶውን አየው፣ ከዘራውን አነሳ፣ ወጣ። እስከዚህች ሰዓት አልጻፈም።

ስለዚህ እኛ ጽፈነዋል። ይህ ፕሮግራም በሰባት መቶ ቅጂ ታትሟል፤ እጃችሁ ላይ ያለውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ላልመጣም ስጡ።

እታለም ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ሁለት እህቶቻቸውንና ይህን የጻፈውን ታናሽ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። እሳቸውን ባስታመማችሁልንና ከጎናችን ባልተለያችሁ ሁሉ ላይ የፈጣሪ ምሕረት ይብዛ። የእህታችንን ነፍስ ደግሞ ሐሰት በማይደርስበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለእኛም ሲከፋንም ሲመቸንም እውነቱን የምንናገርበት አንደበት ይስጠን። አሜን።