ከገደሉ በላይ ያለው ድልድይ

ማረን፣
ስልክሽን እንደ ልማድሽ አልጋሽ ላይ ጥለሽ ወጥተሻል።

ወንድምሽ ኮልተን ጠዋት በብስክሌት ወደ ጫካው እንደወጣ አልተመለሰም። መኪናው ከቤቱ ፊት እንደቆመ ነው።

ከገደሉ በላይ የሠራሁት፣ ኮልተን በብስክሌት የሚያልፍበት ድልድይ ስለበሰበሰ ትናንት አፈረስኩትና የመንገዱ መግቢያ ላይ ቅርንጫፍ አጋደምኩ። መንገዱ ዝግ ነው ማለት እንደሆነ እዚህ ሕፃን እንኳ ያውቃል። አንቺ ግን ማታ፣ "ነፋስ የጣለውን ቅርንጫፍ ከመንገዱ ጠረግኩልሽ፣ እመቤት ዝርክርክ" አልሽኝ።

ተኳርፈን ስለነበር ለምን እንዳጋደምኩት ሳልነግርሽ ልተኛ ገባሁ። ጠዋት እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር፤ ዝናቡን ሳይ ግን ተመልሼ ተኛሁ።

የጠራኋቸው ነፍስ አድን ሠራተኞች በጀልባ ማቆሚያው በኩል ይመጣሉ። እዚያ ጠብቂና ወደ ገደሉ ምሪያቸው። ብርድ ልብስ ያዢ።
እኔ ቀድሜ ልወርድ ነው።

ለእናታችሁ አትደውዪ። መነገር ካለበት እኔ ነኝ የምነግራት።

ብሪን